ጄት ጀልባችሁ ገመድ ሲውጥ፦ ሞተሩንም ጣታችሁንም ሳትጎዱ የማውጣት መንገድ

«ገመድ ዋጠብኝ። የኋላ ማርሽ አስገብቼ ነዳጅ ብሰጠው ይተፋው ይሆን?»

ጠያቂው ይለያያል፣ ጥያቄው ግን ሁሌም ይኸው ነው። መልሱም ያው ነው፤ አይተፋውም። እንዲያውም ያጠብቀዋል። በየጊዜው ከመደጋገም አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው የተነሳሁት።

ለምን አይተፋውም? በአብዛኛው ጄት ጀልባና ጄት ስኪ ላይ የኋላ ማርሽ ስታስገቡ የሞተሩ አዟዟር አይቀየርም። ኢምፔለሩ፣ ማለትም ቱቦው ውስጥ የሚሽከረከረው ባለ ክንፍ ብረት፣ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚዞረው። ከሆዱ ሥር ውሃ ይስባል፣ በኋላ በኩል ይተፋል። ማርሹን ስትቀይሩ የሚሆነው፣ ከመትፊያው ኋላ አንድ ክዳን ወርዶ ውሃውን ወደ ፊት ይመልሰዋል። በቃ። መሳቢያው አፍ መሳቡን አላቆመም። ነዳጅ በሰጣችሁ ቁጥር ገመዱ ሻፍቱ፣ ማለትም ኢምፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ፣ ላይ ሌላ ዙር ይጠመጠማል።

ኢምፔለሩን በእውነት ወደ ኋላ የሚያዞሩ አሉ። ሲ-ዱ የተባለው የጄት ስኪ ብራንድ ከ2022 ሞዴል ጀምሮ በአንዳንድ ጄት ስኪዎቹ ላይ አድርጎታል። አንዳንድ ትልልቅ ጄት ጀልባዎችም ለዚሁ የሚሆን ማርሽ ሳጥን አላቸው። ለሣርና ለቅጠል ይጠቅማል። ተጠምጥሞ ለጠበቀ ገመድ ግን እኔ አልመካበትም።

ምን እንደገባ ከምልክቱ ለዩ

አሠራሩ እንደገባው ነገር ስለሚለያይ መጀመሪያ ይህን እወቁ።

ሣር ከሆነ ጀልባው ቀስ በቀስ ይደክማል። ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም። ፕላስቲክ ከረጢት ወይም ሸራ ከሆነ ደግሞ በድንገት ነው፤ አሁን እየሄዳችሁ ነበር፣ አሁን ሞተሩ ባዶውን ይጮኻል። ድንጋይ ይንኳኳል፣ ብረት ከብረት ሲፋጭ ይሰማችኋል፣ ጀልባውም ይንቀጠቀጣል። ገመድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩን ቀጥ ያደርገዋል። ለማስነሳት ስትሞክሩ «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ፣ ሻፍቱ ታንቋል ማለት ነው።

በማናቸውም ጊዜ የሙቀት ማስጠንቀቂያው ከጮኸ ወዲያው አጥፉ። በብዙ ጄት ጀልባዎች ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ የሚመጣው ከዚያው ከፓምፑ፣ ማለትም ከኢምፔለሩና ከቱቦው፣ ነው። አፉ ከተዘጋ ማቀዝቀዣውም አብሮ ይቋረጣል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- የመንሳፈፊያ ጃኬትና መልሕቅ
- ወፍራም ጓንት። የኢምፔለር ጠርዝ ስለት ነው፣ የተጎዳ ከሆነ ደግሞ መጋዝ ይሆናል።
- ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ቢላ። የመኪና ቀበቶ ለመቁረጥ የተሠራው ዓይነት በጣም ጥሩ ነው፤ ወደ ራሱ እየሳበ ስለሚቆርጥ ሌላ ነገር አይወጋም።
- የሰጌቶ ምላጭ። ከነመያዣው አይደለም፣ ምላጩ ብቻውን። አንዱን ጫፍ በናስትሮ ጠቅልላችሁ እጀታ አድርጉት። መሳቢያው አፍ ላይ ባለው ፍርግርግ ብረቶች መካከል የሚያልፍ መቁረጫ እንደሱ የለም።
- አፍንጫው ረጅም የሆነ ፒንሳ
- ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ጠንካራ ሽቦ
- የክንድ ያህል ርዝመት ያለው የእንጨት ዱላ
- የእጅ ባትሪ። ስልካችሁ ውሃ የማይፈራ ከሆነ ካሜራውም ይጠቅማል።
- ለፍርግርጉ ቡሎኖች የሚሆን መፍቻና የካንዴላ መፍቻ
- መካከለኛ ጥንካሬ ያለው የቡሎን ማጣበቂያ ፈሳሽ፣ ሰማያዊው
- ባልዲ። ለምን እንደሆነ በኋላ ታያላችሁ።

እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት

ይህን ክፍል እንዳትዘሉት።

ሞተሩን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። ከእጅ አንጓ ጋር የሚታሰረውን የማጥፊያ ገመድ ንቀሉ። ቁልፉን አውጥታችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። የባትሪውን ነጋቲቭ አላቁ። እናንተ ከሥር እጃችሁን አስገብታችሁ ሳለ ከላይ ያለ ሰው፣ በተለይ ልጅ፣ «እስቲ ይነሳ እንደሆነ» ብሎ የማስነሻውን ቁልፍ ሊጫን ይችላል። ገመዱ ከተነቀለና ባትሪው ከተላቀቀ ቢጫንም ምንም አይሆንም።

መልሕቅ ጣሉ። ሞተሩ የማይሠራ ጀልባ ንፋስ ወደወሰደው ይሄዳል። እናንተ ዓይናችሁ ከፓምፑ ላይ ስለሚሆን ድንጋዩ ላይ እስክትወጡ አታዩትም።

ማዕበል፣ የሚጎትት ወራጅ ውሃ ወይም ሌሎች ጀልባዎች የሚመላለሱበት ቦታ ከሆነ ከሥር አትግቡ። ጀልባው በማዕበል ሲነሳና ሲወርድ ጭንቅላት ላይ ያርፋል። አስጎትቱት። ስታስጎትቱ ግን በዝግታ ይሁን፣ በሰዓት ከ8 ኪሎ ሜትር ባይበልጥ። ውሃውን ከፓምፑ የሚወስድ ሞተር በፍጥነት ከተጎተተ በማቀዝቀዣው መስመር ውሃ እየተገፋ ወደ ሞተሩ ሊገባ ይችላል። መመሪያው የማቀዝቀዣውን ጎማ ቆንጥጣችሁ እንድትይዙ የሚያዝ ከሆነ ሳትጎትቱ በፊት አድርጉት።

ረጅም ፀጉር ይታሰር። የጃኬት ማሰሪያ አይንጠልጠል። ብቻችሁን ውሃ ውስጥ አትግቡ። ገመዱን በላይተር አቅልጬ ላውጣው የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁ ደግሞ የቤንዚን ጋዝ ከአየር ይከብዳልና ከሞተሩ ሥር ተኝቶ እንደሚጠብቃችሁ አስቡ።

ደረጃ በደረጃ

1. ለማስነሳት መሞከር አቁሙ። እኔ ይህንን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። የመጎተቻ ገመድ ገብቶብኝ «ምናልባት ይለቅ ይሆናል» ብዬ ሁለት ጊዜ አስነሳሁት። በኋላ ፓምፑ ሲፈታ ገመዱ ገመድ አልነበረም። ሰማያዊና ቢጫው ተቀላቅሎ ሻፍቱን የከበበ አንድ ድፍን ፕላስቲክ ሆኗል፤ ያለቀ ሻማ ሥሩ ላይ እንደሚረጋው ዓይነት። በጥፍር ብትነኩት አይበሳም። የመጎተቻ ገመዶች ብዙውን ጊዜ ከፖሊፕሮፒሊን ነው የሚሠሩት፣ ፍትጊያው ሲያሞቃቸው ይቀልጣሉ። መጀመሪያውኑ ትቼው ቢሆን ምናልባት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር። ከሰዓቱን በሙሉ ወሰደብኝ።

2. የገመዱን ጭራ ፈልጉ። ወደ ውጭ የወጣ ጫፍ አለ? ካለ ወርቅ ነው። ሌላኛው ጫፍ ጀልባው ላይ ከታሰረ ፍቱት፣ የተወጠረ ገመድ ላይ መሥራት አይቻልምና። ተንጠልጥሎ ያስቸግራል ብላችሁ ግን ከሥሩ እንዳትቆርጡት! ቢያንስ የአንድ ክንድ ያህል ጭራ ተዉለት። የምትስቡት በምን ይዛችሁ ነው?

3. ሣር፣ ቅጠል ወይም ከረጢት ከሆነ ከቀላሉ ጀምሩ። ሞተሩ ሲጠፋ መሳቡ ስለሚቆም፣ ፍርግርጉ ላይ የተለጠፈው ነገር አንዳንዴ ራሱ ይወድቃል። ጀልባውን ግራና ቀኝ አወዛውዙት። ካልወደቀ በመንጠቆው ሽቦ ፍርግርጉን ከፊት ወደ ኋላ ጥረጉት፣ ማለትም በብረቶቹ ርዝመት። በአግድም ብትጎትቱ ሣሩ ብረቶቹ መካከል ይሸጎጣል።

ጄት ስኪ ከሆነ አገላብጦ ማጽዳት ይቻላል። ሆኖም ወደየት እንደሚገለበጥ የሚያሳይ ምልክት ኋላው ላይ ተለጥፏል፣ እሱን ተከተሉ። በተሳሳተው ጎን ከተገለበጠ በጭስ ማውጫው ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ሞተሩ ሊፈስ ይችላል። ውሃ ደግሞ እንደ አየር አይታመቅም። ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ይዞ የሚነሳ ሞተር የፒስተኑን ዘንግ ያጎብጣል። ስትመልሱትም በመጣበት ጎን ነው።

4. የማጽጃ ክዳን ካለው ተጠቀሙበት። አንዳንድ ጄት ጀልባዎች ኋላ መቀመጫው አካባቢ፣ ቀጥታ ወደ ፓምፑ የሚወርድ ክዳን አላቸው። ከላይ ሆናችሁ ኢምፔለሩ ፊት ያለውን በእጅ ማውጣት ትችላላችሁ፣ ውሃ ውስጥ መግባት አያስፈልግም። ክዳኑ ሲከፈት ሞተሩ እንዳይነሳ የሚከለክል ማብሪያ የተገጠመላቸውም አሉ። እሱን ተማምናችሁ ቁልፉን መንቀል እንዳትተዉ። ስትዘጉት መቀርቀሪያው እስከ መጨረሻ መግባቱን በእጅ ሳቡና አረጋግጡ። በደንብ ያልተዘጋ ክዳን በፓምፑ ግፊት ይፈናጠራል።

5. ገመድ ከሆነ ከመቁረጥ በፊት ፍቱ። ገመዱ የተጠመጠመው ሻፍቱ በሚዞርበት አቅጣጫ ነው። ስለዚህ የሚፈታው በተቃራኒው ነው። ጭራውን ያዙና አጠር አጠር አድርጋችሁ፣ ግራና ቀኝ እየቀያየራችሁ ሳቡት። በአንድ ጊዜ በሙሉ ጉልበት አትጎትቱ፤ ላይኛው ዙር ታችኛው ውስጥ ይገባና የባሰ ይቆለፋል። ትንሽ ከመጣ ሌላ ዙር ተከተሉ።

ሻፍቱን ራሱን ማዞር ካስፈለገ ካንዴላዎቹን ንቀሉ። በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቅ አየር ስለማይኖር በእጅ ይዞራል። በቀስታ፣ ሩብ ዙር ሩብ ዙር። አንድ ሰው ሲያዞር ሌላው ይሳብ፣ ግን ተነጋገሩ፦ «እጄን አውጥቻለሁ፣ አዙር» ሳይባል ማንም አያዙር። ወደ ኋላ መዞርን የማይወዱ ሞተሮች አሉ። የሞተራችሁ መመሪያ ከከለከለ ይህንን ትታችሁ ወደ መቁረጥ እለፉ። በማስነሻው ቁልፍ «ጠቅ ጠቅ» እያደረጉ ማዞር ግን በምንም ዓይነት አይሆንም።

6. መቁረጥ ግድ ከሆነ በሻፍቱ ርዝመት ቁረጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ያገኘውን ዙር ሁሉ እዚህም እዚያም ይበጣጥሳል፣ ከዚያ ሃምሳ ቁራጭ ይዞ ይቀመጣል። ይልቅ ምላጩን ከሻፍቱ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ፣ የተጠመጠመውን ከዳር እስከ ዳር በአንድ መስመር ክፈሉት። እያንዳንዱ ዙር አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይበጠሳል፣ ከዚያ እንደ ልጣጭ ተገልጦ ይነሳል። ካልተላቀቀ ሻፍቱን ግማሽ ዙር አዙሩና በሌላው ጎን ሁለተኛ መስመር አውጡ።

ገመዱ አልቆ ምላጩ ብረት ሲነካ ይሰማችኋል። እዚያ አቁሙ። ሻፍቱ ከጀልባው አካል የሚወጣበት ቦታ ላይ ውሃ እንዳይገባ የሚከላከል ጎሚኒ አለ። እሱ አጠገብ ምላጭ አይሂድ፣ በጣትና በፒንሳ ብቻ ሥሩ። ጎሚኒው ከተቆረጠ ገመድ አወጣን ብላችሁ ጀልባውን ታሰምጣላችሁ።

7. እጅ የማይደርስ ከሆነ ፍርግርጉን አውጡ። ይህ የውሃ ውስጥ ሥራ አይደለም። ጀልባው ተጎታች ላይ ወይም ደረቅ መሬት ላይ ይሁን፣ በደንብ ተደግፎ። በክሪክ ብቻ የቆመ ጀልባ ሥር ማንም አይግባ። ፍርግርጉን የያዙት ቡሎኖች ጥቂት ናቸው፣ ግን በማጣበቂያ ስለታሰሩ ሊያስቸግሩ ይችላሉ። ጭንቅላታቸው እንዳይላላጥ መፍቻው እስከ ውስጥ መግባቱን አይታችሁ ነው የምታዞሩት። ስትመልሱ አሮጌውን ማጣበቂያ ጠርጉና አዲስ ጠብ አድርጉ። በንዝረት የሚላላ ቡሎን የሚወድቀው ቀጥታ ወደ ኢምፔለሩ ነው።

«ፍርግርጉን ብተወው ጉልበት ይጨምራል አሉኝ» የሚሉኝ አሉ። አትተዉት። ድንጋይን ብቻ አይደለም የሚያግደው፣ ፀጉርንና ልብስንም ነው።

8. ድንጋይ ወይም እንጨት ከተሸጎጠ ከኋላ፣ ከመትፊያው በኩል፣ በእንጨት ዱላ ቀስ ብላችሁ ወደ ፊት ግፉት። በካቻቢቴ መፈልቀቅ ክንፉን ያጎብጣል። በኢምፔለሩና በዙሪያው ባለው ቀለበት መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው፣ ትንሽ ጭረት እንኳ ግፊቱን ይቀንሳል። ካልተነቃነቀ፣ ወይም ገመዱ እንደኔው ቀልጦ ከሆነ፣ ፓምፑ መፈታት አለበት። የመሪውንና የኋላ ክዳኑን ኬብል፣ የውሃ ጎማዎቹን መንቀል ይጠይቃል። ሲመለስ የሻፍቱ ጥርስ ግሪስ ይፈልጋል፣ ቡሎኖቹም በልክ ይጠብቃሉ። ከዚህ በፊት ካልፈታችሁ ለሚያውቅ ሰው ስጡት።

9. ቁራጮቹን ቁጠሩ። ባልዲው እዚህ ላይ ነው የሚያገለግለው። ያወጣችሁትን ሁሉ ሰብስባችሁ መሬት ላይ ጫፍ ለጫፍ ደርድሩት። የተለመደው የውሃ ስኪ ገመድ 23 ሜትር ገደማ ነው። የገባው የጎደለው ያህል ነው፣ የወጣውም ያንኑ ያህል መሆን አለበት። አንድ ክንድ ያህል ከጎደለ እዚያው ውስጥ ነው፣ ፈልጉት። ኢምፔለሩን አልፎ ከኋላው ባሉት የማይዞሩ ክንፎች ላይ የሚቀር ክር በብዛት አጋጥሞኛል፤ ከመትፊያው በኩል በባትሪ ካልታየ አይታይም።

10. የተጎዳ ነገር ፈትሹ። የክንፎቹን የፊት ጠርዝ በጓንት ዳሱ፤ ጥርስ የወጣበት ወይም የታጠፈ አለ? ቀለበቱ ላይ የክብ ጭረት ይታያል? ሻፍቱን ላይና ታች ነቅንቁት፣ ከተንቀጫቀጨ ኩሽኔታው ተጎድቷል። ካንዴላዎቹን መልሱ። ከዚያ ጀልባውን ውሃ ላይ አውርዱና፣ ሞተሩን ሳታስነሱ፣ የጀልባውን ሆድ ከውስጥ አሥር ደቂቃ ተመልከቱ። ውሃ እየገባ ከሆነ ያ ጎሚኒ ተቀዷል። ወዲያው መልሳችሁ አውጡት። ገመዱ ከወጣ በኋላ ሰው ሁሉ በደስታ የሚዘለው ይህንን ነው።

11. አስነሱት፣ ግን በሥርዓት። የሞተሩን ክፍል ክፈቱና አሽትቱ። ሽታ ከሌለ የባትሪውን ነጋቲቭ መልሱ። የአየር ማስወጫ ቬንትሌተር ካለው ቢያንስ 4 ደቂቃ ይሥራ። የቤንዚን ሽታ ካለ አታስነሱ።

ደረቅ ላይ ሆናችሁ በጎማ ውሃ እያጠባችሁ የምትሞክሩት ከሆነ፣ ውሃውን ከፓምፑ በሚወስዱ ሞተሮች ላይ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ሞተር፣ ከዚያ ውሃ። ስትጨርሱ መጀመሪያ ውሃ ዝጉ፣ ከዚያ ሞተር አጥፉ። ሞተሩ ሳይሠራ የሚገባ ውሃ በጭስ ማውጫው ዞሮ ሲሊንደር ውስጥ ይደርሳል። ያለ ውሃ ደግሞ ከጥቂት ሰከንድ በላይ አታሠሩት።

ውሃ ላይ ስትሞክሩ ከሆዱ በታች ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑር፣ አለዚያ አሁን ያጸዳችሁትን አፍ በአሸዋ ትሞሉታላችሁ። በዝግታ ጀምሩ። ድምፁ ለስላሳ ከሆነና ነዳጅ ስትሰጡት ወዲያው ከገፋ ጨርሳችኋል። አሁንም የሚጮኽ የማይሄድ ከሆነ ወይ ቁራጭ ቀርቷል፣ ወይ ቀለበቱ ተበልቷል። ወደ ደረጃ 9 ተመለሱ።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስህተቶች

ገመዱን በሌላ ጀልባ ማስጎተት አንዱ ነው። ይወጣል፣ አዎ፤ አንዳንዴ ከነጎሚኒው።

ሌላው የወጣውን ቁራጭ ወደ ውሃው መወርወር ነው። ፖሊፕሮፒሊን ይንሳፈፋል። ነገ የሚውጠው የሌላ ሰው ጀልባ ነው፣ ወይም የእናንተው።

ሦስተኛው ዋነኛው ነው። ስኪ የሚጎተተው ሰው ሲወድቅ ነጂው ሊያነሳው በዝግታ ይዞራል፣ ገመዱ ረግቦ ከኋላ ይንሳፈፋል፣ ጀልባው ደግሞ ራሱ ገመዱ ላይ ይሄድበታል። ጄት ሞተሩ እስከሠራ ድረስ፣ ማርሹ መሐል ላይ ቢሆንም፣ ይስባል። ስለዚህ ገመዱን የሚይዝ አንድ ሰው ኋላ ይቀመጥ። ሲረግብ እየሰበሰበ ወደ ጀልባው ያስገባ። ሰውየው አጠገብ ስትደርሱ ሞተሩን አጥፉ፣ ከወጣም በኋላ ገመዱ በሙሉ ጀልባው ውስጥ መሆኑን በዓይናችሁ ሳታዩ አታስነሱ።

ያንን የታጠፈ ቢላ ደግሞ የዕቃ ሳጥኑ ሥር አትቅበሩት። ነጂው ተቀምጦ እጁ በሚደርስበት ቦታ እሰሩት።